ሕግና ትንቢት በዋሽንግተን አደባባይ

በ1967 ጦርነት እስራኤል በያዘችው በዮርዳኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ ስለ ተመሠረቱት የአይሁድ ሰፈራዎች፣ የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው ቃል (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሹም በተለወጠ ቍጥር ሲገለባበጥ ኖሯል። በ1978 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሕግ አማካሪ ኸርበርት ሃንሰል፣ መንግሥት በጦር በያዘው አገር የገዛ ሕዝቡን እንዳያሰፍር የሚከለክለውን የአራተኛውን የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 49 ጠቅሰው፣ ሰፈራው ከሕግ ጋራ አይስማማም ብለው ጻፉ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ፕሬዚዳንት ሬጋን ሕገ ወጥ አይደለም አሉ፤ በ2019 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማይክ ፖምፔዮ የሃንሰልን ፍርድ ሻሩት፤ በ2024 ሌላው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ብሊንክን ወደ ቀድሞው ቃል ተመለሱ። ከአንቀጹ ግን አንዲት ፊደል አልተነካችም።

የዚህን ምክንያት በገንዘብና በምርጫ ስሌት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣዋል። ብዙ የአሜሪካ ወንጌላውያን፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 12 ለአብርሃም የተነገረው በረከትና መርገም የዛሬዋን የእስራኤል መንግሥት ይመለከታል ብለው ይተረጕማሉ፤ ጆን ኔልሰን ዳርቢ በ19ኛው ምዕት ዓመት ያስፋፉት፣ በ1909 የታተመው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስም በኅዳግ ማስታወሻው በየቤቱ ያደረሰው ትምህርት ደግሞ፣ የአይሁድን ወደ ምድራቸው መመለስ ከፍጻሜ ዘመን ትንቢት ጋራ ያያይዘዋል። ኪዳኑ ለቤተ ክርስቲያን ተላልፏል ሲባል እየሰማ ላደገ የእኛ አገር ምእመን ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ትርጓሜ ለሚያምን ሰው ግን ኬብሮንና ቤቴል በድርድር የሚከፈሉ መሬቶች ሳይሆኑ የአበው ርስት ናቸው። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤጊን ይህን እምነት ቀድመው ስለ ተረዱ በ1980 ለባፕቲስቱ ሰባኪ ለጄሪ ፎልዌል በጽዮናዊው መሪ በጃቦቲንስኪ ስም የተሰየመውን ሜዳይ ሸለሙ።

የሰፈራው ጉዳይ በአሜሪካ ፖለቲካ ያለው ክብደት ጎልቶ የታየው በ1991 ነው። እስራኤል ከሶቪየት ኅብረት የሚጐርፉትን ስደተኞች ለማቋቋም (በዚያው ዓመት ግንቦት በዘመቻ ሰሎሞን ቤተ እስራኤላውያንም ከአዲስ አበባ ገብተው ነበር) የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ብትጠይቅ፣ አባትየው ጆርጅ ቡሽ ነገሩን አዘገዩት፤ ሰፈራውም እንዲቆም ፈለጉ። በመስከረም ወር ዋስትናውን የሚደግፉ ሺህ ያህል ጉዳይ አስፈጻሚዎች በአሜሪካ ምክር ቤት ሲመላለሱ እርሳቸው ብቻቸውን መቆማቸውን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። በ1992 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሻሚር በምርጫ ወደቁ፣ የተተኩት ራቢን ሰፈራውን ሊገቱ ቃል ገቡ፣ ዋስትናውም ተፈቀደ፤ በኅዳር ግን ቡሽ ራሳቸው ተሸነፉ። ሽንፈቱን ያመጣው በአመዛኙ ኤኮኖሚው ይመስለኛል፤ ሆኖም ከእርሳቸው ወዲህ ገንዘብን እንዲህ በግልጥ ከሰፈራ ጋራ ያሰረ ፕሬዚዳንት አልታየም።

ክርስቲያኑም ሁሉ አንድ ወገን አይደለም፤ በ2014 የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ310 ለ303 ድምፅ ከሦስት ኩባንያዎች፣ መሣሪያቸው ለወረራው ይውላል በሚል፣ አክሲዮኗን አወጣች። በ2025 ግን በእስራኤል የአሜሪካ አምባሳደርነቱን የተረከቡት ማይክ ሀካቢ፣ ቀድሞ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበሩ።