መንግሥት አምርሮ የሚያሳድደው የራሱን ዘፋኝ ነው
ከገላባት ኬላ ሲታይ

የሱዳኗን ገላባትንና የኢትዮጵያዋን መተማ ዮሐንስን የሚለያቸው በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ ጠባብ ወንዝና አንድ ድልድይ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ይህን መሻገሪያ የሚያነሳው አፄ ዮሐንስ በወደቁበት የመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነት ነው፤ የአካባቢው ሰው ግን በየዓመቱ ወደ ገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ በሚተመው ወቅታዊ የቀን ሠራተኛ፣ በሳሉጉ ያውቀዋል። ከዚህ ሌላ የስደተኛ በር ነው። በ1970ዎቹ ከቀይ ሽብርና ከጦርነት ያመለጠ ኢትዮጵያዊ በዚህ ድንበር አልፎ ገዳሪፍ ዙሪያ፣ ኡም ራኩባና ተዋዋ ሰፈረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሰልፉ ዞሮ ሱዳናዊው በገላባት በኩል ወደ መተማ ገባ፤ ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፈቱለት። በሁለቱም ጉዞ ውስጥ ቤቱን ጥሎ የወጣ ገጣሚ፣ ሙዚቀኛና ሠዓሊ ነበረ። አምባገነን መንግሥት ከያኒን ለምን ያሳድዳል የሚለውን የቆየ ጥያቄ ከዚህ ድልድይ ላይ ሆኖ ማየት የሚጠቅመው፣ ሁለቱን ቤቶች በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ ነው።

የተለመደው መልስ «ጥበብን ስለሚፈራ» የሚል ነው። ሐሰት ባይሆንም ከያኒውን ስለሚያሞካሽ ብቻ ሳይመረመር የሚያልፍ መልስ ይመስለኛል። ደርግን እንውሰድ። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየክፍለ ጦሩ የኪነት ቡድን ያቋቋመ፣ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ «ሕዝብ ለሕዝብ» ብሎ ዘፋኝና ተወዛዋዥ አሰልፎ ውጭ አገር ለውጭ አገር ያዞረ መንግሥት ጥበብን ፈራ ማለት ይከብዳል። እንዲያውም ከእሱ በፊት የነበረ መንግሥት ያን ያህል ከያኒ አልቀጠረም። ታዲያ በዚያ ዘመን ከሁሉ የከፋው ዕጣ የደረሰው በማን ላይ ነው? የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ በነበረው በበዓሉ ግርማ ላይ። በዓሉ የቀይ ኮከብ ዘመቻን አስመራ ድረስ ሄዶ ያየው እንደ ተቃዋሚ ሳይሆን የመንግሥት የፕሮፓጋንዳ ሰው ሆኖ ነው። ስለዚያው ዘመቻ የጻፈውን ልብ ወለድ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመውም ኩራዝ ነው፣ የመንግሥቱ አሳታሚ ድርጅት። መጽሐፉ ወዲያው ከመደብር ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ወንጀሉ ጠላትን ማወደስ አልነበረም፤ ጓዳውን ያየ ሰው ጓዳውን መጻፉ ነው።

ይህ የአንድ ሰው ዕድል እንዳይመስል ወደኋላ መለስ ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዡ የመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል። ጥላሁን የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር፤ ደሞዙም ዩኒፎርሙም የመንግሥት ነው። «አልቻልኩም» የሚለው የፍቅር ዘፈኑ የፖለቲካ ትርጉም ተሰጥቶት ታገደ። ያው ዘፈን ከአንድ የማይታወቅ አዝማሪ አፍ ቢወጣ ኖሮ ማንም ልብ ባላለው ነበር ብዬ እገምታለሁ። የራስ ቤት ድምፅ «አልቻልኩም» ሲል ግን ባለቤቱ ይደነግጣል።

ድልድዩን እንሻገር። ኮሎኔል ኒሜሪ በግንቦት 1969 እ.ኤ.አ. (የሱዳኑ ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ሱዳን ላይ ሥልጣን ሲይዝ ያሞገሰውን ዘፈን የገጠመው መሕጁብ ሸሪፍ፣ ያዜመውም መሐመድ ወርዲ ነበር። በሐምሌ 1971 ግራ ዘመም መኮንኖች ለሦስት ቀን ሥልጣን ነጥቀው ከተሸነፉ በኋላ ሁለቱም ከእነሱ ጋር ተቆጥረው እስር ቤት ገቡ። መሕጁብ ሸሪፍ ከዚያ ወዲህ በኒሜሪም በአልበሽርም ዘመን እየተፈታ እየታሰረ ኖሮ በ2014 ዐረፈ። ወርዲ አልበሽርን ሥልጣን ላይ ያወጣው የ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ አገር ለቀቀ። በ1990 ይህ ከገዛ አገሩ የራቀ ድምፃዊ ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ ላይ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ሲዘፍን አስተናጋጁ ማን ነበር? ደርግ። በዓሉን ከሰወረ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የራሱ ዘፋኞች ግጥም ያኔም ሳንሱር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። የካርቱምን የተከፋ ዘፋኝ አዲስ አበባ ትወደዋለች፣ የአዲስ አበባን የተከፋ ካርቱም። የጎረቤት ዘፋኝ ባለቤቱን እንጂ አስተናጋጁን አያማምና ነገሩ ከደግነት አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ከበድ ያለ ተቃውሞ ይነሳል። የአልበሽር መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙዚቃን ራሱን እንደ ኃጢአት አላየም ወይ? በ1994 ኡምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ክበብ ድምፃዊ ኾጃሊ ዑስማን በጩቤ ተወግቶ ሞቷል፣ አብዱልቃድር ሳሊም ቆስሏል። የ1996ቱ የካርቱም የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለግብዣ ዘፈን ፈቃድ ግድ አደረገ፤ ሴትና ወንድ አብረው እንዳይጨፍሩ ከለከለ፤ ጭፈራው ከምሽቱ 5 ሰዓት እንዳያልፍ ወሰነ። ይህ የባለቤትነት ሳይሆን የእምነት ጥላቻ ይመስላል። ነገር ግን ያው መንግሥት በዚያው ዘመን በቴሌቪዥኑ «ሳሐት አልፊዳ» የሚባል የጦር ሜዳ ፕሮግራም ያሳይ ነበር፤ በደቡቡ ጦርነት የሚዋጋውንና የሚሞተውን ወጣት በዜማ ያጅበዋል። ዜማው ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እዚያም ኃጢአት ነው። የተለየው ነገር ባለቤቱ ነው። ከመስበኪያው የወጣ ጥላቻ እጁ ጩቤ የያዘ ሰው ሊያፈራ እንደሚችል አልክድም፤ የኾጃሊ ገዳይም ትእዛዝ ተቀብሎ የመጣ የመንግሥት ሰው ነው ብሎ መናገር አይቻልም። ሕጉን የጻፈው እጅ ግን ዘፈንን ሳያጠፋ የፈቃድ ወረቀት ሥር አስገባው።

ከአካባቢያችን ወጣ ብለን ብናይ ናዚዎች በ1937 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ለማላገጥ ያሳዩት ዐውደ ርዕይ ይህንኑ ይመስላል። ከጀርመን ሙዚየሞች ከማንም በላይ የተለቀመበት ሠዓሊ ኤሚል ኖልዴ ነው፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሥራዎቹ ተወስደዋል። ኖልዴ ደግሞ የፓርቲው አባል ነበር።

ከቤት ውጭ የነበረ ከያኒ አልተነካም ማለቴ ግን አይደለም። አቤ ጉበኛ በ«አልወለድም» ልብ ወለዱ ምክንያት ጎሬ ድረስ ተግዟል። በኋላም ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከቀረ፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ከከለከለው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበሙን ሂልተን ሆቴል ሊያስመርቅ ሲል ፈቃድ የለህም ተብሎ ፖሊስ አስቆመው። ዘፈኑ አልታገደም፣ ሲዲው በየመንገዱ ይሸጥ ነበር፤ የታገደው መሰብሰቡ ነው። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ዘፈነ። ከሳንሱር ማኅተም ወደ ፈቃድ ወረቀት የተደረገው ሽግግር ቀላል ለውጥ አይደለም። ሳንሱር የሚሰርዘው ስንኝ አለውና ለምን ሰረዝክ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የፈቃድ ቢሮ ግን ግጥሙን እንዳነበበ እንኳ አይናገርም፤ ደብዳቤው አልደረሰም፣ የጥበቃ ኃይል የለም፣ ሌላ ቀን ይሁን ይላል። ካርቱም ከ1996 ጀምሮ የሠራችበት ስልት ከሃያ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ መታየቱ አንዱ ካንዱ ኮርጆ ሳይሆን ወረቀቱ ራሱ ስለሚመች ይመስለኛል።

ሌላው ተቃውሞ ከእኛው ቤት ይመጣል፦ አፈና ቅኔን ወልዷል፣ ሰምና ወርቁን ያበለጸገው ገዢ ነው ይባላል። ቅኔ ግን የሳንሱር ልጅ አይደለም። በጎንጅና በዋሸራ ቅኔ ቤቶች ተማሪው የቅኔን ሙያ በዓመታት ድካም የሚቀስመው ለእግዚአብሔር፣ ለቅዱሳንና ለንጉሥ ሊያቀርበው ነው፤ ድብቅነቱ የሙያው ጌጥ እንጂ መሸሸጊያ አልነበረም። ኋላ እንደ መሸሸጊያ ሲያገለግል ሳንሱሩም ወርቅ መፈለግ ለመደ። «አልቻልኩም»ን ያሳገደው ጥላሁን የደበቀው ወርቅ ይሁን ጆሮ ጠቢው የጨመረው ማን ይለያል? ሰሙ ብቻ ያለው ዘፈን ሳይቀር ወርቅ ተፈልጎለት ሲታሰር ቅኔ መጠጊያነቱ ያበቃል። ከዚህ የሚቀረው ጉዳት ደግሞ በቁጥር አይገባም፤ ገጣሚው ገና ብዕሩን ሳያነሳ «ይህ ምን ይባልብኛል» የሚል ሌላ አንባቢ ጎኑ ተቀምጧልና።

ዛሬ ስልክ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚሉም አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ድሮ ሳሉጉ ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ቴፕ ተሸክሞ፣ ክሩ የላላ ካሴት በእርሳስ እያጠነጠነ ገዳሪፍ ይወርድ ነበር፤ አሁን ጥፍር በምታህል ሚሞሪ መቶ ዘፈን ይሻገራል፣ ያም ሳያስፈልገው ከቴሌግራም ያወርዳል። የሁለቱ አገር ዜማ ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ የአንዱ ክራር ለሌላው ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ቋንቋው ባይገባ እንኳ ያዳምጣል። ዘፈኑን ማስቆም አልተቻለም። አልበሽር ከወደቀ፣ የሕዝብ ሥርዓት ሕጉም ኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ከተሻረ በኋላ ግን፣ ፊልም ሠሪው ሐጁጅ ኩካና አራት ባልደረቦቹ ካርቱም ውስጥ የቲያትር ልምምድ ላይ ሳሉ ተይዘው መስከረም 2020 ላይ ሁለት ወር እስራት ተፈረደባቸው። የተጠቀሰባቸው አንቀጽ ጥበብን በስሙ አይጠራም፤ ሕዝብን ማወክ ነው የሚለው። ይህን ፍርድ ስልክ አላስቆመውም። ዘፈኑ ወረቀት ሳይጠየቅ ወንዙን ሲሻገር፣ ዘፋኙ ድልድዩ ጫፍ ላይ ከነልጆቹ ተሰልፎ ስሙን ያስመዘግባል፤ መተማ ሲገባም የሚሰጠው ካርድ ላይ ሙያው ሳይሆን የቤተሰቡ ቁጥር ይጻፋል።