ያውቁ ኖሯል? የቢሮ ዋይፋይ ምን ያሳያል?
የግል ስልክዎን ከመሥሪያ ቤትዎ ዋይፋይ ጋር ሲያገናኙ፣ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ባለሙያ የትኛውን ድረ ገጽ በስንት ሰዓት እንደከፈቱ ሊያይ ይችላል። አድራሻው በ«ኤችቲቲፒኤስ» የሚጀምር ከሆነ የጻፉትና ያነበቡት ተመስጥሮ ያልፋል፤ የድረ ገጹ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደበቅም። የሕክምና ወይም የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ከሆነ ደግሞ ስሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል። «ኢንኮግኒቶ» የሚባለው የብራውዘር የግል መስኮት ከዚህ አያድንም፤ የሚያጠፋው መሣሪያው ላይ የሚቀረውን ታሪክ ነው። በቢሮው ኮምፒውተር ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ አሠሪው የጫነው መከታተያ የተመሰጠረውንም ሊያነብ ይችላል።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017፣ መልእክቶቹ በአሠሪው ተነብበውበት ከሥራ የተባረረ ሮማንያዊ የግል ሕይወት መብቱ አልተጠበቀለትም ሲል 11 ለ6 በሆነ ድምፅ ወስኗል። የክትትሉ ስፋት አስቀድሞ አልተነገረውም ነበር፤ ሊነገረው ይገባ ነበር! ስለዚህ ለባንክና ለጤና ጉዳይ የራስዎን ስልክ በራስዎ ዳታ ይጠቀሙ።