የባሕር ዕረፍትና የጤፍ ወራት

ከ1990 ዓ.ም. የድንበር ጦርነት ወዲህ የአገራችን ንግድ ዋነኛ የባሕር በር ጅቡቲ ናት። ስለዚህ ዕቃውን ለመረከብ ወደዚያ የሚወርድ ነጋዴ ጥቂት ቀን ጨምሮ ከባሕሩ ዳር ዓሣ ለማጥመድ ቢመኝ የሚያስነቅፈው አይደለም።

ነገር ግን ወራቱ ይታሰብበት። የጅቡቲ ሙቀት ረገብ የሚለው ከኅዳር እስከ የካቲት ሲሆን፣ በእኛ በሉማሜ ደግሞ ጤፍ ታጭዶና ተወቅቶ ለገበያ የሚወጣው በዚሁ ጊዜ ነው። አሠሪዬ አንድ ዓመት በታኅሣሥ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ፤ ሲመለሱ ግን ደንበኞቻቸውን ከጎረቤት ሱቅ አገኟቸው። ከዚያ ወዲህ ጉዟቸው የጤፉ ግዢ ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት መባቻ ሆኗል።

ባሕር እንደ ጣና አይደለም፤ በየዕለቱ ይሞላል፣ ይጎድላልም። ዓሣውም ምግቡን ፍለጋ ከሚሞላው ውሃ ጋር ወደ ዳር ይቀርባል። ስለዚህ የሙላቱን ሰዓት ከአገሬው ዓሣ አጥማጆች ጠይቆ መንጠቆን አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባል። ጨው ብረትን ይበላልና መሣሪያው ማታ ማታ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ፓስፖርቱም ሆነ የማጥመድ ፈቃዱ ጉዳይ ከመነሣት በፊት ይጣራ።

እንዲህ የተሰናዳ ነጋዴ ከባሕሩ ባዶ እጁን ቢመለስ እንኳ፣ ደንበኞቹ ከሱቁ ደጃፍ ይጠብቁታል።