ጠጣር ባትሪ፣ ስስ ሽፋን እና ቀንጢቻ

እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም መብራት ሲጠፋ ቀድመን የምናየው የስልካችንን ፐርሰንት ነው። የስልኩ ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ተቀጣጣይ ፈሳሽ አለ፤ እነ ቶዮታ ፈሳሹን በጠጣር ነገር ለመተካት ዓመታት ደክመዋል።

ጣጣው ጠጣሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል የሰልፋይድ ጠጣር እዚያው ይበላሻል፤ ሊቲየሙ መተላለፊያ ያጣል፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የፖዘቲቩን ዱቄት ከፀጉር በሺዎች እጥፍ በሚቀጥን የሊቲየምና ኒዮቢየም ሽፋን ለበጡት፤ ሠራ። በኒዮቢየም ፋንታ ታንታለምም ይሆናል።

ታንታለም? ጉጂ፣ ቀንጢቻ አለን፤ ሊቲየምም እዚያው አለ። ታንታለሙን ለዓመታት በጥሬው ሸጠነዋል። ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ትርፉ ሽፋኑን መሥራት የሚችለው ሰው ኪስ እንደሚገባ ነው። ሊቲየሙንም በጥሬው ልንሸኘው ነው?