ድሬዳዋ፦ ጥላ የሚያዋቅራት ከተማ

እኛ ብቸናና ሞጣ አካባቢ ቤት የምንሠራው ዝናብና ብርድ እንዳይገባብን ነው። ጣሪያው ውሃ እንዲያወርድ ሾጠጥ ይላል፣ መስኮቱ ይጠባል። ድሬዳዋ ላይ የሚፈራው ፀሐይ ነው፤ ከተማዋን ለመረዳት ከዚያ መጀመር ይሻላል።

የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ የሐረርጌን ጋራ መውጣቱ ግን እጅግ ከባድና ውድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከጋራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ አረፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ሥፍራው «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ በ1909 ነው።

ከደቻቱ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለው ከዚራ የባቡር ሰዎች ሠፈር ሆኖ የተሠራ ነው። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዳርና ዳር የተተከሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸውን አገናኝተው መንገዱን ይጋርዳሉ። የቤቶቹ ኮርኒስ ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው። በምሥራቅ ያለው መጋላ ደግሞ ፕላን አልጠበቀም። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ግድግዳው ለግድግዳው ጥላ ይሰጣል፤ ኑሮው ከአጥር ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ነው። የቀፊራ ገበያ ቅስት በሮችም የቀይ ባሕር ማዶን አሠራር ያስታውሳሉ። ብዙዎች የሚያደንቁት ከዚራን ነው፤ ለእኔ ግን መጋላ አይተናነስም። ያለ መሐንዲስ ሙቀቱን አሸንፏልና።

ሁለቱን የሚለያቸው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው ሰፊ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በዚህ የተነሣ ወንዝነቱ ይዘነጋል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ በደጋው የጣለው ዝናብ በዚሁ አሸዋ ወርዶ ዳርቻውን ጠራረገው፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ቤተሰብ የተወሰደው ከመኝታው ነው።

ከተማዋ ፀሐይን በሚገባ ታውቃለች፤ ውሃው ግን ከሩቅ፣ በእሷ ሰማይ ሥር ዝናብ ሳይጥል እንኳ ይመጣባታል። ዳርቻው ላይ የሚሠራ የመከላከያ ግንብ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጎርፉ የሚጠራቀመው ከላይ፣ ከተራቆተው ጋራ ላይ ነውና እርከኑና ችግኙ እዚያ መቅደም አለባቸው። የድሬዳዋን ፕላን የሚነድፍ ሁሉ ካርታውን እስከ ደጋው ጫፍ ድረስ ይዘርጋ።