እርሳሱን ተዉት

ኦክላንድ በምሠራበት የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ያገሬ ልጆች ሪላቸውን ይዘው እየመጡ «ክሩ ተበላሽቷል» ይሉኛል። ክሩ ደህና ነው፤ የተበላሸው አጠማጠሙ ነው።

አዲሱን ጥቅል እርሳስ ላይ ሰክቶ ማሽከርከር ለስፒኒንግ ሪል አይሆንም። እዚህ ሪል ላይ ክንዱ ዙሪያውን እየዞረ ስለሚጠመጥም ክሩ በየዙሩ ይከርራል።

ጥቅሉን ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ መሬት ላይ አስተኙት። መጀመሪያ የሪሉን ክንድ ሽቦ ክፈቱና ክሩን እሰሩ (እኔም ረስቼ ፈትቼ አስሬ አውቃለሁ)። በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርጋችሁ 15 ዙር ያህል ካጠነጠናችሁ በኋላ አላሉት፤ እንደ ሹሩባ ከተጠማዘዘ ጥቅሉን ገልብጡት። ከሪሉ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ያህል ሲቀር አቁሙ።

ክሩ ብሬድ (የተጎነጎነ) ከሆነ ከሥሩ ትንሽ ሞኖ (ነጠላ የፕላስቲክ ክር) ይቅደም፤ አለዚያ ይንሸራተታል።

ለቻቦት ሐይቅ ትራውት 6 ፓውንድ ሞኖ ይበቃል። 16 ዓመት የሞላችሁ፣ ፈቃድ ያዙ። ጥያቄ ካላችሁ የሪሉን ፎቶ ጨምራችሁ ጻፉልኝ።