ረዳት መጋቢ ሲፈለግ እናቶችስ ይጠየቃሉን?

የአንድ ጸሎት ቤት ምእመናን ቁጥር ሲጨምርና ያለው መጋቢ ሥራውን ብቻውን መሸፈን ሲሳነው ረዳት መጋቢ ይፈለጋል። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ስሞች ይጠራሉ፤ «ትምህርቱ እስከምን ነው? ስብከቱስ እንዴት ነው?» ይባባላሉ። ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት አባል ከሆኑ፣ ይህ ምክክር ሲደረግ ሐሳብዎን የጠየቀዎት ሰው ነበር? ወይስ የተመረጠውን ሰው ስም የሰሙት እሑድ ማስታወቂያ ሲነገር ነው?

ረዳት መጋቢ የሚሠራው አብዛኛው ሥራ ከመድረክ ላይ የሚታይ አይደለም። የታመመውን ይጠይቃል፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ ሊጋቡ ያሰቡትን ወጣቶች ይመክራል፤ የተቀያየሙትን ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ ልጆችን ያስተምራል። በየትኛው ቤት በሽተኛ እንደተኛ፣ የትኛዋ አራስ ጠያቂ እንዳጣች፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ቀድማ የምታውቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሰፈር እናት ናት። እንግዲያው ሥራው ምን እንደሆነ ሲዘረዘር እርሷን ሳይጠይቁ መቅረት፣ ቤቱን የሚያውቀውን ሰው ትቶ መንገደኛን እንደመጠየቅ ይቆጠራል።

ሴቶች በዚህ አገልግሎት ውስጥ መገኘት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። አስቴር ጋኖን እናስታውስ። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ ከአገር ልትወጣ ስትል እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ ወጣች፤ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማረች። አናሲሞስ ነሲብ የተረጎሙትና በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲዘጋጅ በቋንቋው ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበራት። በ1894 ለታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍም ተረቶችንና አባባሎችን የሰበሰበች እርሷ ናት። ኋላም ወደ ወለጋ ሄዳ አስተምራለች። ይህን ሁሉ የሠራችው ያለ ቅስና ማዕረግ ነው።

ማዕረጉ ለሴቶች የተፈቀደው ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሴቶች ቅስና እንዲቀበሉ የወሰነችው በ1997 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ የተሾመችው በ2000 ነው። በዚህ ጉዳይ ሁሉም አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። ሆኖም በተፈቀደበት ቤት እንኳ ውሳኔው በሩን ይከፍታል እንጂ ማንንም እጇን ይዞ አያስገባም። ብቁ የሆነችውን እህት በስብሰባው ላይ ስሟን አንሥቶ «እርሷስ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ይኸውም የተመራጩ ቤተሰብ ነው። ባል ሲቀጠር ሚስቲቱ ያለ ደመወዝ አብራ እንደተቀጠረች ይታሰባል። እንግዳ መቀበሉ፣ የሴቶችን ጸሎት መምራቱና ልጆችን ማስተማሩ ሁሉ ከእርሷ ይጠበቃል። እርሷ ግን የራሷ ሥራና የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት። ጥሪው በቤተሰብ ላይ የሚያመጣው ሸክም ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የቄስ ጉዲና ቱምሳ ቤት ይመሰክራል። እርሳቸው በ1979 ከተገደሉ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ማቀዋል። በሰላሙ ቀን ቢሆን እንኳ የመጋቢ ሚስት ሳትጠየቅ ሥራ የሚጫንባት ሰው መሆን የለባትም።

ስለዚህ በጸሎት ቤትዎ ረዳት መጋቢ የሚፈለግ ከሆነ ሦስት ነገሮችን ያሳስቡ። አንደኛ፣ ስም ከመጠራቱ በፊት የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ ይውጣ፤ ዝርዝሩም ሲወጣ ሴቶች ይጠየቁ። ሁለተኛ፣ በመራጩ ኮሚቴ ውስጥ ሴቶች ይኑሩበት፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ በዝምታ የምታጨበጭብበት ሳይሆን በእኩልነት የሚመክሩበት ይሁን። ሦስተኛ፣ ደመወዙ፣ የቤት ኪራዩና የዕረፍት ቀኑ አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ከትዳር ጓደኛ የሚፈለግ ነገር ካለም በግልጽ ተነግሮ በፈቃድ ይሁን።

ዕጩው ቀርቦ ሲታይም ስብከቱን ብቻ አይመልከቱ። ሕፃናት ሲያናግሩት እንዴት እንደሚመልስ፣ የደከሙ አሮጊት ሲያወሩት ጨርሶ ይሰማቸው እንደሆነ፣ የሰማውን የቤት ምሥጢር የሚጠብቅ መሆን አለመሆኑን ቀድሞ ካገለገለበት ቦታ ይጠይቁ። ችግርዎን ሊነግሩት የሚሄዱት እርስዎ ነዎትና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ረዳት የተፈለገው ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስለበዛ ከሆነ፣ ምርጫውም በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ሊቀር አይገባውም። ስብሰባው ሲጠራ ሥራዎን አመቻችተው ይሂዱ፤ ጎረቤትዎንም ይዘው ይሂዱ፤ የሚያውቁትንም ይናገሩ።